ለሞተር ሰርቪስ መቼ ይከፈላል? መቼስ ይቆያል?

ዘይት ለማስቀየር ወደ ጋራዥ የገባ ባለመኪና ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሌላ ሦስት አራት ሥራ ተጨምሮለት ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እንዳረጀ፣ ኢንጀክተሩ (ነዳጁን የሚረጨው) መታጠብ እንዳለበት፣ ቺንጋው ዕድሜውን እንደጨረሰ፣ የሞተሩም ውስጥ በማጠቢያ ፈሳሽ ቢጸዳ እንደሚሻል ይነግረዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱ በጊዜው ካልተሠራ ሞተሩን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ተሠራም አልተሠራ ለመኪናው የሚጨምረው ነገር ላይኖር ይችላል። ባለመኪናው ሁለቱን መለየት ካልቻለ ወይ የተባለውን ሁሉ ያሠራል፣ ወይም «ገንዘቤን ሊበሉኝ ነው» ብሎ ሁሉንም ትቶ ይሄዳል። ሁለቱም ያከስራሉ። በእኔ እምነት ግን ይበልጥ የሚያከስረው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ላላስፈላጊ ሥራ የወጣ ገንዘብ ያው የወጣው ብቻ ሲሆን፣ የተዘለለ አስፈላጊ ሥራ ግን ሞተር እስከ ማስወረድ ያደርሳል።

ሁለቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ለማንኛውም የሞተር ሥራ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ይህ ዕቃ ቢበላሽ የሚበላሸው እሱ ብቻ ነው ወይስ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል? የሚለው ነው። የአየር ፊልትሮ ሲደፈን መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ፊልትሮው ሲቀየር ጉልበቱ ይመለሳል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አጣጥሞ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ) ሲበጠስ ግን በብዙ ሞተሮች ላይ አየርና ጭስ የሚያሳልፉትን ቫልቮችና ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱትን ፒስቶኖች ያበላሻል። ሁለተኛው፣ ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይ? ነው። ያረጀ ካንዴላ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፣ ጠዋት አልነሳም ያሰኘዋል፤ ያረጀ ቺንጋ ግን እስከሚበጠስባት ደቂቃ ድረስ ምንም ላይል ይችላል። ሦስተኛው፣ የሚያልቀው በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በዕድሜ? ነው። ላስቲክና ፈሳሽ የሆነ ነገር ሁሉ መኪናው ቆሞም ያረጃል፤ ስለዚህ «ብዙ አልነዳሁትም» የሚለው መከራከሪያ ለቺንጋ፣ ለጎማ ቱቦ፣ ለዘይትና ለራዲያተር ፈሳሽ አይሠራም።

ሌላውን ይዞ የሚሄድና ምልክት የማይሰጥ ከሆነ ቀኑ ወይም ኪሎ ሜትሩ እንደደረሰ ያለ ክርክር ይከፈልበታል። ብቻውን የሚበላሽና አስቀድሞ የሚናገር ከሆነ እየታየ ይቆያል። ምን ጉዳት እንደሚከላከል ማንም በዓይን ሊያሳይዎት ወይም በልኬት ሊያስረዳዎት የማይችል ሥራ ከሆነ ደግሞ ገንዘብዎን ይያዙ።

የጊዜውን ልክ የሚነግርዎት ከመኪናው ጋር የመጣው የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ነው እንጂ በጋራዥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ወይም የጎረቤት ልምድ አይደለም። መጽሐፉ ከጠፋ ብዙ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀምጡታል። ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ ሁለት የጊዜ ሠንጠረዦች ያገኛሉ፤ አንዱ ለተለመደ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ አነዳድ ነው። አብዛኛው ሰው ከባድ የሚለውን ሲያይ የጭነት መኪና ይመስለውና የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ይከተላል። ይህ ስሕተት ነው። ከባድ አነዳድ የሚባለው አቧራማ መንገድ፣ ተጎታች መሳብ፣ ብርቱ ሙቀት ወይም ብርድ፣ እንዲሁም ሞተር ሳይጠፋ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ለረጅም ሰዓት መቆም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠናቀቅ አጭር ጉዞ ነው። ቆሞ በሚሠራ መኪና ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይንቀሳቀስም፤ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው። በአጭር ጉዞም የሙቀት ማሳያው መሃል ላይ ስለደረሰ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቋል ማለት አይደለም፤ ማሳያው የሚለካው የራዲያተሩን ፈሳሽ ሲሆን፣ ዘይቱ ከፈሳሹ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ ውስጡ የገባው እርጥበትና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም። በየቀኑ ቤትና ሥራ ቦታ መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚመላለስ «ብዙም ያልተነዳ» መኪና፣ በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ከሚሄደው ይልቅ ዘይቱ ቶሎ ሊበላሽ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ዘይት

ከመደበኛ የሞተር ሥራዎች ሁሉ ሳይከራከሩ ሊከፍሉበት የሚገባው ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር ነው። ዘይት የሚያለሰልስ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ይሸከማል፣ ከቃጠሎ የሚመጣውን አሲድ ያመክናል፣ ጥላሸቱን አንሳፍፎ ይዞ እስከ ፊልትሮው ያደርሳል። ይህን የሚሠሩት በዘይቱ ውስጥ የተጨመሩ ኬሚካሎች ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ ዘይቱ በመጠን ሳይጎድልም ሥራውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ቆሻሻው በቴስታታው (ቫልቮቹን በያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይና በቀጭን የዘይት መተላለፊያዎች ውስጥ እንደ ጥቁር ጭቃ ይረጋል፤ ዘይት ያላገኘ ክፍል ደግሞ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ይህ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሰማም፤ ሲሰማ ግን ዘይት በመቀየር አይመለስም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በድሮ ሞተሮችና በማዕድን ዘይት የተለመደው 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሲንተቲክ ዘይት የሚጠቀሙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ብዙ አምራቾች ከ10,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰውን ይላሉ። በከባድ አነዳድ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በግማሽ ያንሳል። መመሪያው 10,000 ያለውን መኪና በየ3,000 ኪሎ ሜትር ማስቀየር ሞተሩን የሚጎዳ ነገር ባይሆንም፣ ከሚያወጡት ገንዘብ አብዛኛው ገና መሥራት የሚችል ዘይት ማፍሰሻ ነው። በሌላ በኩል ከጊዜው በላይ ማቆየት ገንዘብ ማዳን የሚመስለው ለአንድ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ሊቆጥቡ የማይገባበት ቦታ የዘይቱ ዓይነት ነው። መመሪያው 5ደብሊው-30 ካለ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያሳያል። «ወፈር ያለ ዘይት ይሻላል» የሚለው ምክር ለአሮጌ ሞተሮች አንዳንዴ የሚሠራ ቢሆንም፣ በጠባብ መተላለፊያዎችና በዘይት ግፊት በሚታዘዙ የቫልቭ መቆጣጠሪያዎች የተሠሩ አዳዲስ ሞተሮችን ይጎዳል። ከውፍረቱ በተጨማሪ በጣሳው ላይ የተጻፈውን የጥራት ደረጃ ያንብቡ፤ በኤፒአይ (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም) ምደባ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው፤ ለምሳሌ ኤስፒ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤንዚን ሞተር የወጣ ደረጃ ነው። መመሪያው ከሚጠይቀው በታች የሆነ ደረጃ መግዛት ፈጽሞ አይመከርም፤ ደረጃውን የሚያሟላ እስከሆነ ድረስ ግን ስሙ የገነነውን መምረጥ ግዴታ አይደለም።

ብዙ ሰው ዘይቱ ጠቁሯል ብሎ ሰርቪስ ያደርጋል። ጥቁረት ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይጠቁራል፤ ይህም ጥላሸቱን አንሥቶ እንደያዘ ነው የሚያሳየው። ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ራስዎ መጠኑን ይለኩ። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉና ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። የመለኪያ ዘንጉን መዘው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱትና እንደገና ይምዘዙት። የመጀመሪያው ምዘዛ ዘይቱ በቱቦው ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ትክክለኛውን አያሳይም፤ የሚነበበው ሁለተኛው ነው። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላትም ጉዳት አለው፤ በሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም።

ዘንጉ ላይ ያለውን ዘይት በሁለት ጣት አሻሽተው ያሽትቱት። ብርቱ የነዳጅ ሽታ ካለውና እንደ ውሃ ከቀጠነ ቀኑ ባይደርስም መቀየር አለበት፤ ነዳጁ ለምን ወደ ዘይቱ እንደገባም መጣራት ይኖርበታል። መልኩ እንደ ወተት ነጣ ብሎ ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ መኪናው መነዳቱን ማቆም አለበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ በዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ብቻ ስስ ነጭ ቅባት ከታየ፣ በብርድ ወራት በአጭር ጉዞ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላልና ቴስታታ አስወርዱ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት መጀመሪያ አንድ ረጅም ጉዞ ነድተው ዳግመኛ ይመልከቱት።

የማይታየው ቺንጋ

የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ላይ ከዘይት ቀጥሎ ያለ ማመንታት ሊከፈልበት የሚገባው ይህ ነው። ቺንጋው ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ታችኛውን ዘንግ ቫልቮችን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ላይኛው ዘንግ ጋር ያያይዛል፤ ታችኛው ሁለት ዙር ሲዞር ላይኛው አንድ ዙር ይዞራል፤ ቺንጋው አንድ ጥርስ እንኳ ሳይዘል ይህ ልኬት መጠበቅ አለበት። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ ቦታውን ለቆለት ስለሆነ የሚያልፈው፣ ቺንጋው ሲበጠስ ሁለቱ ይጋጫሉ። ቫልቮች ይጎብጣሉ፣ አንዳንዴም ፒስቶን ይበሳል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ግን በመካከላቸው በቂ ክፍተት ስላለ መኪናው ይቆማል እንጂ ሌላ ጉዳት አይደርስም። የእርስዎ ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ለውሳኔው ትልቅ ዋጋ አለው፤ የሞተሩን ስያሜ ይዘው አስመጪውን ወይም መካኒኩን ይጠይቁ።

አምራቾች የሚሰጡት ዕድሜ እንደ ሞተሩ ከ60,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ይለያያል፤ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የዕድሜ ገደብም አብሮ ይጻፋል። «ከፍተን አየነው፣ ደህና ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያስተማምንም፤ ቺንጋው በሽፋን ሥር ያለ በመሆኑ ከፊሉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ውስጡ ያለው ክር ሲዳከምም ላዩ ምንም ላይመስል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ላይ ውሳኔው የሚሰጠው በቀንና በቁጥር ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዙም ቺንጋው የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ደረሰኝ ካልቀረበልዎት እንዳልተቀየረ ቆጥረው ያስቀይሩት።

ተጨማሪ ሥራ ማሠራት እውነትም የሚያዋጣውም እዚህ ላይ ነው። ቺንጋውን ለመድረስ ብዙ ነገር ይፈታል፤ ከሚከፍሉት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የጉልበት ነው። መወጠሪያው፣ ተሽከርካሪዎቹና በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ የውሃ ፓምፑ አብረው ቢቀየሩ ጉልበቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ከስድስት ወር በኋላ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ቢጀምር ግን ያንኑ ሁሉ ፈትቶ መግጠም ሊኖር ነው፤ የፈሰሰው ፈሳሽም አዲሱን ቺንጋ ሊያበላሸው ይችላል።

በቺንጋ ፈንታ በብረት ካቴና የሚሠሩ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የመቀየሪያ ቀን የላቸውም፤ ካቴናው የሚኖረው ግን በዘይት ንጽሕና ነው። ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ከሞተሩ ፊት የመንኳኳት ድምፅ ከሰሙ መወጠሪያው ወይም ካቴናው እየላላ ሊሆን ስለሚችል ሳይቆዩ ያስመርምሩ። ቺንጋቸው በዘይት ውስጥ የሚዞር አዳዲስ ሞተሮችም አሉ፤ በእነዚህ ላይ ትክክለኛ ያልሆነ ዘይት ላስቲኩን ያሟሟዋል፤ የሚረግፈው ላስቲክ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል።

ስለ ውሃው

የራዲያተር ፈሳሽ ሲጎድል በቸልታ አይታለፍም፤ የዚህን ትምህርት ዋጋ የከፈልኩት እኔ ራሴ ነኝ። በአንድ ወቅት የነበረኝ መኪና የራዲያተር ማጠራቀሚያው በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ይጎድል ነበር። ያየው መካኒክ «ውሃ ጨምርበት፣ ችግር የለውም» ስላለኝ ለወራት እየጨመርኩ ነዳሁ። አንድ ቀን ረጅም ዳገት ላይ የሙቀት ማሳያው ወደ ቀዩ ሲወጣ አየሁ፤ ሜዳ ላይ ልድረስ ብዬ ጥቂት መቶ ሜትር ጨመርኩ። ሌላ ጋራዥ ሲከፈት የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ጠሟል። የነገሩ ሁሉ መነሻ ከላይኛው የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ በማሰሪያው ሥር የተደበቀ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ ዙሪያዋ ፈሳሹ ሲደርቅ የተወው አረንጓዴ ቅርፊት ነበረባት። ማሰሪያውን ፈትቶ የሚያይ ሰው ከተገኘ በጥቂት ደቂቃ የሚደረስባት ነገር ናት። የራዲያተር ፈሳሽ ዝግ በሆነ ዙር ውስጥ ስለሚሽከረከር ጤናማ ሞተር አይጠጣውም፤ ደጋግሞ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ስለዚህ ይህን ለማስፈለግ የሚከፈል የምርመራ ገንዘብ ከማንኛውም የማስዋቢያ ሰርቪስ በፊት ይቀድማል።

ፈሳሹ ራሱም ዕድሜ አለው። የድሮው ዓይነት በሁለት ዓመት ገደማ፣ ረጅም ዕድሜ የሚባለው በአምስት ዓመት ገደማ ይቀየራል። ዝገት የሚከላከሉት ኬሚካሎች ሲያልቁ ራዲያተሩና የውሃ ፓምፑ ከውስጥ ይበላሉ። በቀለሙ ተማምነው የተለያዩ ዓይነቶችን አይቀላቅሉ፤ ቀለም ለሁሉም አምራች አንድ ትርጉም የለውም። ንጹሕ ውሃ ብቻ መጠቀም ለአንድ ቀን ችግር እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም። የራዲያተር ክዳን ደግሞ ሞተሩ ትኩስ ሳለ በፍጹም አይከፈት፤ በግፊት የተያዘው ፈሳሽ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

እየታየ የሚቆየው

የአየር ፊልትሮ ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ሊቆይ ይችላል፤ በአቧራ መንገድ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን በእጥፋቶቹ መካከል ካለፈ ይቆያል። የነዳጅ ፍጆታ ይቀንሳል ተብሎ ቀድሞ መቀየር ግን አያዋጣም፤ የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት በኮምፒውተር በሚታዘዙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ የቀነሰው ጉልበቱን እንጂ የነዳጅ ፍጆታውን እምብዛም አልለወጠውም። በካርቡሬተር የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ግን ነዳጅ ይጨምራሉ። በአብዛኛው መኪና ላይ መቀየሩ ሁለት ሦስት መቆንጠጫ መክፈት ብቻ ስለሆነ ለጉልበት መክፈል አያስፈልግም።

ተራ ካንዴላ ከ30,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ጫፍ ያለው 100,000 ገደማና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ኢሪዲየም ካንዴላ በገባ በዓመቱ «ይቀየር» ከተባሉ ምክንያቱን ይጠይቁ። ሞተሩ ግን አንድ ሲሊንደር እየዘለለ ከሆነ፣ ማለትም በአንዱ የቃጠሎ ክፍል ነዳጁ ሳይቀጣጠል እየቀረ ከሆነ፣ አይቆይ፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ መውጫው ሄዶ ከካንዴላው ብዙ እጥፍ ውድ የሆነውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ያቃጥላል።

የናፍጣ ፊልትሮ ትንሽ ዕቃ ቢመስልም «እየታየ ይቆያል» ከሚባሉት ወገን አይደለም። አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ከ2,000 ባር በሚበልጥ ግፊት፣ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች ነው የሚረጩት፤ ውሃ ወይም ደቃቅ አሸዋ እዚያ ከደረሰ ፓምፑንም ኢንጀክተሩንም ይጨርሳል። በጊዜው ያስቀይሩት፤ በሥሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ካለው በየጊዜው ያስፈስሱት።

እምቢ ሊባል የሚችለው

ምልክት ሳይኖር በየሰርቪሱ የሚቀርብ የኢንጀክተር እጥበት፣ ከዘይት ቅየራ በፊት የሚጨመር የሞተር ማጠቢያ፣ ዘይት ላይ የሚጨመር «ሞተር አዳሽ» ፈሳሽ በአብዛኛው አምራች ሠንጠረዥ ውስጥ የሉም። ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር የኖረ ሞተር በማጠቢያ የሚነሣ ጭቃ የለውም፤ ለዓመታት ችላ የተባለ ሞተር ደግሞ ጭቃው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ነዳጅ በሚረጩ የቤንዚን ሞተሮች ላይ በአየር ማስገቢያ ቫልቮች ጀርባ የካርቦን ክምችት መኖሩ እውነት ነው፤ ነዳጁ ቫልቩን ስለማያጥበው ነው። ይህን ማስጸዳት ግን ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲንቀጠቀጥ፣ ጉልበት ሲያጣ፣ በካሜራም ሲታይ የሚከፈልበት ሥራ እንጂ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም።

መካኒኩን ሲያነጋግሩ በጥርጣሬ ሳይሆን በአክብሮት «ምን አይተው ነው? ሊያሳዩኝ ይችላሉ? አሁን ባይሠራ ምን ይሆናል፣ እስከ መቼስ ይቆያል?» ብለው ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ዕቃውን አውጥተው በእጅዎ ያስይዙዎታል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱልዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይንገሯቸው። ደረሰኙ ላይ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ መጻፉን ሳያረጋግጡ አይውጡ፤ የዋስትና ጊዜ ያለው መኪና ከሆነ ያለዚህ ማስረጃ መብትዎን ማስከበር ይከብድዎታል።

ዳሽቦርድ ላይ የሚበሩት መብራቶች ደግሞ ምርጫ የማይሰጡ አሉ። ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ መኪናውን ጥግ አስይዘው ወዲያውኑ ያጥፉ፤ «ጋራዡ ቅርብ ነው» ብለው አይንዱት፤ ለተጎታች የሚከፍሉት ገንዘብ ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው። የሙቀቱ መብራትም እንዲሁ ነው። ቢጫው የሞተር መብራት ሳይብለጨለጭ ከበራ መንዳት ይቻላል፤ ሆኖም መኪናው የመዘገበው የብልሽት ኮድ በቀናት ውስጥ በመሣሪያ ይነበብ። ከተብለጨለጨ ሲሊንደር እየዘለለ ስለሆነ ፍጥነት ቀንሰው ቶሎ ያቁሙ። በመሣሪያው የተነበበው ኮድ ችግሩ ያለበትን አካባቢ ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይወስንም፤ ኮዱን አይቶ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ሴንሰር መቀየር ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣበት መንገድ ነው።

መኪናው ካረጀ

መኪናው ብዙ ከተጓዘ ጥያቄው ይለወጣል፤ የዕቃው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ቀሪ ዕድሜም ይቆጠራል። ሞተሩ ዘይት ይበላል ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ይለኩት፤ አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ድረስ እንደ ጤናማ ይቆጥሩታል። ከዚያ ከበለጠና ሰማያዊ ጭስ ካለው ውድ ዘይት መጨመር ያለቀውን የፒስቶን ቀለበት አይመልስም፤ መጠኑ እንዳይጎድል እየተከታተሉ መንዳት ይቻላል። በቅርቡ ሊሸጡት ካሰቡና የቺንጋው ጊዜ ከደረሰ ወይ አስቀይረው ደረሰኙን ያስረክቡ፣ ወይም ዋጋውን ቀንሰው ለገዢው በግልጽ ይንገሩት። ዝም ብሎ ማስተላለፍ የሌላ ሰው ሞተር ማበላሸት ነው።

ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕና ካንዴላ በአንድ ጊዜ የደረሱበት አሮጌ መኪና ሲኖርዎት ለሁሉም ከመክፈልዎ በፊት የኮምፕሬሽን ልኬት ያስደርጉ። ካንዴላዎቹ ወጥተው የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካል፤ ውጤቱ ከመመሪያው ጋር ከተስማማና ሲሊንደሮቹ ከተቀራረቡ ሞተሩ ወጪውን የሚሸከም ስለሆነ ሥራውን ያሠሩ። አንዱ በጣም ዝቅ ካለ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ድጋሚ ይለካ፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቀው ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ ነው፣ እዚያው ከቆመ ግን ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። ቫልቩ ከሆነ ቴስታታው መውረዱ ስለማይቀር ቺንጋው በዚያው ይቀየር። ቀለበቱ ከሆነ ሞተሩን ለማሳደስ ወይም መኪናውን ለመሸጥ እስኪወስኑ ድረስ ለቺንጋው አይክፈሉ፤ እስከዚያው ግን ረጅም መንገድ አይውጡበት።